የብረት ትራስ፦ ቀራፂ ፋብሪካ ገብቶ የሚማረው

አንዲት ቀራፂ ትራስ መሥራት ፈለገች እንበል። ተራ የአልጋ ትራስ ነው፤ የተኛበት ሰው ከተነሣ በኋላ መሃሉ ሰርጎድ ብሎ የቀረ፣ ጨርቁ እዚህም እዚያም የተጨማደደ። ልዩነቱ ከጥጥ ሳይሆን ከቀለጠ ብረት መሆኑ ነው። በራሷ ስቱዲዮ ይህን ማድረግ አትችልም፤ ብረት የሚያቀልጥ ምድጃ፣ ከባድ ዕቃ የሚያነሣ ክሬን፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰውም የላትም። ስለዚህ የቧንቧ መገጣጠሚያና የሞተር አካል እያቀለጠ የሚያመርት አንድ ፋብሪካ ውስጥ ለሦስት ወር እንድትሠራ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። ሬዚደንሲ የሚባለው ይኸው ነው፦ የጥበብ ሰው ከለመደው ቦታ ወጥቶ ለተወሰነ ጊዜ ሌሎች ሰዎች በሚሠሩበት ስፍራ እየዋለ የሚሠራበት ዝግጅት።

ይህችን ቀራፂ የፈጠርኳት ለማስረዳት እንዲመቸኝ ነው። የሚገጥማት ነገር ግን እንዲህ ያለ ፋብሪካ የገባ ቀራፂ ሁሉ የሚገጥመው ነው። በቋንቋችን «አርቲስት» ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ስለሆነ፣ እዚህ «ቀራፂ» ወይም «የጥበብ ሰው» እያልኩ እቀጥላለሁ።

የጥበብ ሰው ፋብሪካ ገብቶ የሚማረው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው «ማሽን መጠቀም» ብሎ ይመልሳል። ማሽን መጠቀም የነገሩ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ለውጥ ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ መቀየሩ ነው። በስቱዲዮ ውስጥ ቀራፂ እየሠራ ይወስናል፤ ዛሬ በጭቃ የለጠፈውን አፍንጫ ነገ ያነሣዋል፣ ከነገ ወዲያ ይመልሰዋል። በፋብሪካ ግን ብረቱ ሊቀልጥ ሳምንታት ሲቀሩት ነገሩ ሁሉ ተወስኖ ማለቅ አለበት። የብረቱ ውፍረት፣ የሚገባበት ቀዳዳ፣ አየሩ የሚወጣበት መንገድ፣ ሲቀዘቅዝ የሚያጥረው መጠን፣ ሁሉም አስቀድሞ ይታሰባል። ብረቱ ከፈሰሰ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም።

የቀራፂዋ የመጀመሪያ ትምህርት በመብራት ይጀምራል። ከጄሶ የሠራችውን ትራስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች። አጠገቧ አዛውንቱ የፓተርን ባለሙያ ቆመዋል። ፓተርን ማለት አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቅርጹን ትቶ የሚወጣ ምሳያ ነው። አዛውንቱ የክፍሉን መብራት አጥፍተው የእጅ ባትሪያቸውን ከትራሱ በላይ ቀጥ አድርገው ከፍ አድርገው ያበሩታል።

«ጥላ ያረፈበትን ተመልከቺ» ይሏታል።

ከአሥራ አንዱ የጨርቅ እጥፋቶች በአራቱ ሥር ጥቁር ጥላ አለ።

«እነዚህ አራቱ አይወጡም።»

ምክንያቱን ለመረዳት የአሸዋውን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። ክዳንም ወለልም የሌላቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የሚገጥሙ ሁለት የብረት ሳጥኖች አሉ። ፓተርኑ በሁለቱ መካከል ይቀመጥና ከታችም ከላይም አሸዋ ይጠቀጠቅበታል። ከዚያ ሳጥኖቹ ተለያይተው ፓተርኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። በቦታው የሚቀረው ባዶ ጉድጓድ ነው፤ ሳጥኖቹ ተመልሰው ሲገጠሙ ብረቱ የሚሞላው ያንን ጉድጓድ ነው። ፓተርኑ ሲወጣ አሸዋውን እንዳይቦጭቀው ጎኖቹ ሁሉ በትንሹ፣ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ያህል፣ ወደ መጨረሻው ሾጠጥ ማለት አለባቸው። አፉ ሰፊ ሥሩ ጠባብ የሆነ ባልዲ ከሌላ ባልዲ ውስጥ በቀላሉ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ውስጥ የዞረ እጥፋት ያለበት ፓተርን ግን ሲነሣ አሸዋውን አብሮ ገንጥሎ ያመጣል። ከላይ የበራው መብራት የማይደርስበት ቦታ ሁሉ ፓተርኑ ሲወጣ የሚይዝበት ቦታ ነው፤ ጥላው የሚያሳየው ይህንን ነው።

አሁን ቀራፂዋ መምረጥ አለባት። አራቱን እጥፋቶች ልታለሰልሳቸው ትችላለች። ከፓተርኑ ተነጥለው ለየብቻ የሚወጡ ቁርጥራጮች አድርጋ ልትሠራቸውም ትችላለች፤ ይህ ግን የሁለት ሳምንት ሥራ ይጨምራል። ወይም ትራሱን አዘንብላ ጥላው ሌላ ቦታ እንዲያርፍ ታደርጋለች። የትኛውንም ብትመርጥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗ ተለውጧል። እስከዚያ ድረስ ቅርጽን የምታየው ከፊት ነበር፤ ከእንግዲህ ከመውጫው በኩል ታየዋለች። ሬዚደንሲ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ከሦስቱ ወር በኋላ ወደ ስቱዲዮዋ ብትመለስም ይህ አስተያየት አይተዋትም።

አዛውንቱ ቀጥለው እርሳስ ይሰጧታል። «ሁለቱ ሳጥኖች የሚገናኙበት መስመር በየት በኩል ይለፍ? አስምሪልኝ።» ጥያቄው ተራ ይመስላል። በዚያ መስመር ላይ ግን ብረት በቀጭኑ ሾልኮ እንደ ጠርዝ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ መስመሩ ጎልቶ በሚታይ ፊት ላይ ካለፈ እንደ ጠባሳ ይታያል። ቀራፂዋ ትንሽ አስባ ትራሱን ዙሪያውን፣ የላይኛውና የታችኛው ጨርቅ በተሰፉበት ስፌት ላይ፣ አሰመረች።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ያልጠበቀችው ነው። «ውስጡ ድፍን ነው ባዶ?»

ስድሳ በአርባ ሴንቲ ሜትር የሆነ ትራስ ድፍን ቢሆን ክብደቱ ወደ 150 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ብረት ከውኃ ሰባት እጥፍ ያህል ይከብዳልና። ግድግዳው 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ውስጡ ባዶ ቢሆን ግን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም ባለው ውስጥ ያልቃል። ከክብደቱም በላይ የሚያሳስበው አለ። ብረት የሚጠነክረው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ሲጠነክርም ይኮማተራል። ወፍራሙ ቦታ መጨረሻ ላይ ስለሚጠነክር፣ የሚያስፈልገውን ብረት ከዙሪያው ለመሳብ ሲሞክር ዙሪያው አስቀድሞ ስለጠጠረ ውስጡ ይቦረቦራል ወይም ይሰነጠቃል። ብረት አፍሳሾች የክፍሎች ሁሉ ውፍረት ተመጣጣኝ እንዲሆን አጥብቀው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። በተቃራኒው እጅግ የቀጠነ ጠርዝ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ካርቦኑ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ እንደ መስታወት ደረቅና ተሰባሪ ያደርገዋል፤ መሰርሰሪያም አይበሳውም።

ትራሱ ባዶ እንዲሆን በጉድጓዱ ውስጥ ሌላ የአሸዋ ቅርጽ መቀመጥ አለበት። ኮር ይባላል፤ በሙጫ የጠነከረ አሸዋ ነው። ብረቱ በኮሩና በውጭው አሸዋ መካከል ባለው ክፍተት ይፈሳል። አዛውንቱ እዚህ ላይ፦ «ኮሩ በምን ይቆማል? ሥራው ካለቀ በኋላስ አሸዋው በየት ይወጣል?» ይላሉ። ትራስ ቀዳዳ የለውም። የእሷ ትራስ ግን ሊኖረው ግድ ሆነ፤ ከሥሩ በኩል ሁለት ቀዳዳዎች ተወሰኑ። ኮሩ በእነሱ በኩል ይደገፋል፣ በኋላም አሸዋው በእነሱ በኩል ተቆርቁሮ ይወጣል።

አንድ ተጨማሪ ነገር እዚህ ላይ ልናገር፤ መጀመሪያ ስሰማው ማመን ያቃተኝ ነው። አሸዋ በቀለጠ ብረት ውስጥ ይንሳፈፋል። ብረቱ እጅግ ከባድ ፈሳሽ ስለሆነ፣ 17 ሊትር ያህል ስፋት ያለውን የትራሱን ኮር ወደ 100 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። ኮሩ ካልተያዘ ይነሣና የትራሱን ጣሪያ ይበሳል። ስለዚህ በኮሩና በላይኛው አሸዋ መካከል ትንንሽ የብረት ደጋፊዎች ይደረጋሉ፤ እነሱም ከሚፈሰው ብረት ጋር ተዋህደው እዚያው ይቀራሉ። የላይኛው ሳጥን ራሱ እንዳይነሣ ክብደት ይጫንበታል ወይም ይታሰራል። ይህንን ቸል ብሎ ያፈሰሰ ሰው ብረቱ በሳጥኖቹ መካከል ወደ ወለሉ ሲፈስ ያያል።

የፓተርን ባለሙያዎች ማስመሪያም ከሌላው ሰው ማስመሪያ ይለያል። ካስት አይረን የሚባለው ካርቦን የበዛበት ብረት ከጠጠረ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ድረስ 1 በመቶ ያህል ያጥራል፤ አሉሚኒየም 1.3 በመቶ ገደማ፣ ስቲል ደግሞ 2 በመቶ ገደማ። ስለዚህ በእነሱ ማስመሪያ ላይ 1 ሜትር ተብሎ የተጻፈው በእርግጥ 1 ሜትር ከ1 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለሙያው በየጊዜው ማስላት ሳያስፈልገው ትርፉን ፓተርኑ ላይ ይጨምራል። ለእያንዳንዱ ብረት የየራሱ ማስመሪያ አለ፤ ቀራፂዋ በተሳሳተው ለክታ ቢሆን ኖሮ ትራሱ ካሰበችው መጠን የተለየ ሆኖ ይወጣ ነበር።

ይህ ሁሉ ትምህርት አዲስ ታሪክ አይደለም። በ1876 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና የተወለደው ሁሊዮ ጎንዛሌዝ ከቤተሰቡ የብረታ ብረት ሥራ ቤት የወጣ ሰው ነበር። በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ ከሬኖ ፋብሪካ ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ ሳለ የጋዝ ብየዳ ተማረ። ትምህርቱ በቅርጻ ቅርጽ ሥራው ላይ በግልጽ የታየው ግን አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ በ1928 ፓብሎ ፒካሶ በብረት ብየዳ እንዲረዳው ሲጠይቀው። ከዚያ ትብብር በኋላ የተበየደ ብረት ከዘመናዊ ቅርጻ ቅርጽ ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ይህንን የአሥር ዓመት ክፍተት እወደዋለሁ። ከፋብሪካ የተገኘ ዕውቀት በሦስት ወር ውስጥ ፍሬ ካላሳየ ከሸፈ ብለው ለሚፈርዱ ሰዎች በቂ መልስ ነው።

አሜሪካዊው ቀራፂ ዴቪድ ስሚዝ በ1925 በስቱድቤከር የመኪና ፋብሪካ ተቀጥሮ ሠርቷል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በስከነክተዲ ከተማ የባቡርና የታንክ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነበር። በ1962 ለስፖሌቶ የጥበብ ፌስቲቫል አንድ ሁለት ሥራ እንዲሠራ ወደ ኢጣሊያ ተጋብዞ፣ በጄኖዋ አቅራቢያ ቮልትሪ በሚገኝ ሥራ ባቆመ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ከሠራተኞች ጋር ሆኖ በ30 ቀን 27 ቅርጾች ሠራ። ይህ ፍጥነት ተአምር አይደለም። ስሚዝ ፋብሪካ ውስጥ የገባው ሠላሳ ሰባት ዓመት ቀድሞ ነው፤ ወድቀው ያገኛቸውን የብረት ጎማዎች፣ መቆንጠጫዎችና የላሜራ ቁርጥራጮች ሲያይ እንዴት እንደሚገጣጠሙ ወዲያው ያውቅ ነበር።

ዛሬ በስፋት ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የሚገኘው የጆን ማይክል ኮለር የጥበብ ማዕከል ከኮለር ኩባንያ ጋር ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደው ነው። የጥበብ ሰዎች የመታጠቢያ ገንዳና የመጸዳጃ ዕቃ በሚመረትበት ፋብሪካ ውስጥ ገብተው በሸክላው ክፍልና በብረት ማቅለጫው ከፋብሪካው ሠራተኞች ጎን ይሠራሉ። በእንግሊዝ ደግሞ በ1960ዎቹ አጋማሽ ባርባራ ስቴቬኒና ጆን ላተም ከጓደኞቻቸው ጋር ያቋቋሙት ቡድን የጥበብ ሰዎችን ወደ ኩባንያዎችና ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይልክ ነበር። የእነሱ ሐሳብ ደፋር ነበር፤ የሄደው ሰው ዕቃ ሠርቶ የማስረከብ ግዴታ እንዳይኖርበት ጠይቀዋል።

ሁሉም የጥበብ ሰው ግን ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ለመማር አይደለም። ላስሎ ሞሆሊ ናጊ በ1923 አንድን ሥዕል በሦስት መጠን በኢናሜል ፋብሪካ አሠርቷል። ዶናልድ ጀድ ከ1964 ጀምሮ ሥዕላዊ ንድፉን ለኒው ዮርክ ላሜራ ሠራተኞች እየሰጠ ሣጥን መሰል ቅርጾቹን ያሠራ ነበር። በ1966 በኒው ዮርክ ሮበርት ራውሸንበርግና መሐንዲሱ ቢሊ ክሉቨር 10 የጥበብ ሰዎችን ከ30 ያህል መሐንዲሶች ጋር አጣምረው ትርኢት አቀረቡ። እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፤ ማሠራት ከመሥራት ያንሳል አልልም። ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት። የሚያሠራ ሰው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ይበቃዋል። የሚማር ሰው ብረቱ ምን እንደሚፈልግም ማወቅ አለበት፤ በዚያም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ካሰበው የተለየ ነገር ሠርቶ ይወጣል።

በብየዳ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ለማጁ በመጀመሪያው ሳምንት እጁን ማረጋጋት ይማራል፤ ስፌቱ ቀጥ ይላል፣ ደስ ይለዋል። በሁለተኛው ሳምንት አራት ማዕዘን አድርጎ የበየደው ክፈፍ ተጣሞ ያገኘዋል። አንድ ሜትር የስቲል ዘንግ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት በለጥ ይረዝማል፤ ብየዳ ላይ ግን አንዱ ጎን ብቻ እስኪቀልጥ ድረስ ስለሚግል ሲቀዘቅዝ ያ ጎን ብቻ ያጥርና ብረቱን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ልምድ ያለው በያጅ ስለዚህ መጀመሪያ በየማዕዘኑ በትንሽ በትንሹ ነጥብ እያደረገ ያስይዛል፤ ከዚያ አንዱን ጎን ጥቂት ከበየደ በኋላ ዘሎ ወደ ትይዩው ይሄዳል። አንዳንዴ ብረቱን ሆን ብሎ በተቃራኒው አቅጣጫ አጣሞ ይጀምራል፤ ሲቀዘቅዝ ራሱ ቀጥ እንዲል። ውሳኔው አሁንም ከእሳቱ በፊት ነው።

በሸክላው ክፍል ያለው ሥራ ደግሞ ጸጥተኛ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ጭቃው እንደ ወተት እንዲፈስ ውኃ መጨመር አያስፈልገውም፤ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ኬሚካል ጥቂት ሲገባበት የጭቃው ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ድብልቁ ይቀጥናል። ይህ ቀጭን ጭቃ ደረቅ የጄሶ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይሞላል፤ ጄሶው ውኃውን ሲመጥ ግድግዳው ላይ የጭቃ ሽፋን ይይዛል። የሽፋኑ አያያዝ ግን በሰዓቱ ልክ አያድግም። በ10 ደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ከያዘ፣ 6 ሚሊ ሜትር እስኪሆን 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ የያዘው ሽፋን ራሱ ውኃው ወደ ጄሶው እንዳያልፍ ስለሚከለክል ነው። ወፍራም ግድግዳ የፈለገ ቀራፂ ይህንን ካላወቀ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል። ከዚያም ዕቃው ደርቆና ተተኩሶ ሲወጣ ከአሥር በመቶ በላይ ሊያንስ ይችላል፤ ከብረቱ 1 በመቶ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ነው።

ወደ ቀራፂዋ እንመለስ። ሁለተኛው ወር ላይ ደርሳለች፤ አሸዋ መጠቅጠቅ እየተማረች ነው። አሸዋው ደረቅ አይደለም፤ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ ዓይነት፣ ጥቂት የከሰል ዱቄትና በመቶ ጥቂት እጅ ውኃ ተቀላቅሎበታል። የውኃውን ልክ የሚለካ መሣሪያ ፋብሪካው ውስጥ አለ። አዛውንቱ ግን ከመሣሪያው በፊት እጃቸውን ያምናሉ። አንድ እፍኝ አንሥተው ይጨብጡታል፤ እጃቸውን ሲዘረጉ የጣቶቻቸው ቅርጽ በአሸዋው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ቋጠሮውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይሰብሩታል። ስባሪው እንደ ተቆረጠ ዳቦ ጥርት ያለ ከሆነ አሸዋው ደርሷል፤ ከተፈረፈረ ውኃ ጎድሎታል፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ በዝቶበታል። ቀራፂዋ ይህንን ለመለየት ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። በወረቀት ላይ ጽፋዋለች፤ ወረቀቱ ግን አልረዳትም። እንዲህ ያለው ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ይተላለፋል፤ ሬዚደንሲ በኢንተርኔት ትምህርት የማይተካውም ለዚህ ነው።

የውኃው ልክ የቁንጅና ጉዳይ አይደለም። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ስፋቱ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሆናል። ብረቱ የሚፈሰው በ1,350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከቀለጠ ብረት ሥር የታፈነ ውኃ፣ እርጥብ ወለል ወይም ያልሞቀ እርጥብ መጨለፊያ እንደ ፈንጂ ብረቱን ይረጨዋል። ሌሎቹ አደጋዎች ቀስ ብለው የሚመጡ ናቸው። የብየዳ ብርሃን ዓይንን ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚጀምረው ግን ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ሲቆረቁር ነው። በዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ማታ ላይ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። የደቃቅ አሸዋ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ስለዚህ ጽዳቱ በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ወይም በመምጠጫ ማሽን መሆን አለበት። የጥበብ ሰዎች «ትንሽ ብቻ ነው የምሠራው» ብለው መከላከያ የሚተዉበትን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሳንባ የጥበብ ሰውንና የፈረቃ ሠራተኛን አይለይም።

ስለ ስምምነቱም አንድ ሁለት ነገር። ፋብሪካ የራሱ ሩጫ አለው፤ እንግዳዋ ማሽን የያዘችበት ሰዓት አንድ ሠራተኛ የቆመበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። በየትኛው ፈረቃ፣ በየትኛው ማሽን እንደምትሠራ፣ ብረቱንና አሸዋውን ማን እንደሚከፍል፣ አደጋ ቢደርስ መድኑ የማን እንደሆነ፣ ፓተርኑ ሲያልቅ ለማን እንደሚቀር፣ ስንት ቅጂ እንደሚወጣ አስቀድሞ በጽሑፍ መስፈር አለበት። አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ ያናድደኛል፦ የሠራተኞቹ ስም። በኤግዚቢሽኑ ግድግዳ ላይ የቀራፂዋ ስም፣ የኩባንያው ስም፣ የድጋፍ ሰጪዎቹ ስም ይለጠፋል፤ በመብራት ጥላውን ያሳዩት አዛውንት ግን የሉም። እሳቸው ፈቃደኛ ከሆኑ ስማቸው እዚያ መኖር አለበት። ጥያቄዎቻቸው ባይኖሩ ትራሱ ከአሸዋው አይወጣም ነበር።

ፋብሪካውስ ከእሷ ምን ያገኛል? አንዳንዱ ለስሙ ብቻ ይጋብዛል፤ ፎቶ ያነሣል፣ ይረሳል። ጥሩ በሆነበት ቦታ ግን የጥበብ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ሠራተኞቹ ለዓመታት ያላሰቡትን ያስነሣል። ጉድለት የሚባለው ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለት የብረት ጅረቶች ቅርጹ ውስጥ ሲገናኙ ቀዝቅዘው ከሆነ ሳይዋሐዱ ይቀሩና በመሃላቸው ለስላሳ የእጥፋት መስመር ይታያል። ለቧንቧ አምራች ይህ ወዲያው ወደ ምድጃ የሚመለስ ውዳቂ ነው። ለትራስ ግን የጨርቅ እጥፋት ነው። ቀራፂዋ መስመሩን ወደደችው። አዛውንቱ ግን ሌላ ጥያቄ አቀረቡ፦ «ድገሚው።» ሁለት ሳምንት ሙሉ የብረቱን ሙቀትና የመግቢያውን ቦይ እየቀያየሩ ሞከሩ፤ በአራተኛው ሙከራ መስመሩ በፈለጉት ቦታ አካባቢ መጣ። ጉድለትን መጠቀም የሚችለው ጉድለቱን በፈለገ ጊዜ መልሶ ማምጣት የሚችል ሰው ነው፤ አንዴ በዕድል የመጣው ግን ገና የእሷ አይደለም።

የማፍሰሻው ቀን ራሱ አጭር ነው። ጭልፋ የሚሉት፣ በክሬን የሚንቀሳቀሰው ባልዲ ወደ መግቢያው ይጠጋል፤ አፍሳሹ ጅረቱን ሳያቋርጥ ይለቃል፤ አየር መውጫዎቹ ላይ ሰማያዊ ነበልባል ይታያል፤ ብረቱ ሲኮማተር የሚጎድለውን በሚሞላው በመጋቢው ጉድጓድ ብረቱ ብቅ ሲል እጅ ይነሣል፣ ያበቃል። ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ሦስት ወር የፈጀው ሥራ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ አለፈ፤ ቀራፂዋም ያን ጊዜ አንዲት ነገር ማድረግ አትችልም ነበር። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ሳጥኑ ቶሎ ከተከፈተ ብረቱ በእኩል ስለማይቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላልና እስከ ነገ ይቆያል።

በማግስቱ አሸዋው ተንዶ ትራሱ ወጣ፤ ጥቁር፣ ገና ሞቅ ያለ፣ መግቢያውና መጋቢው እንደ ቀንድ የተተከሉበት። ቀንዶቹ ተቆረጡ። የውስጡ አሸዋ በሥሩ ቀዳዳዎች ተቆርቁሮ ወጣ። አንድ ወጣት ሠራተኛ እንደ ልማዱ የመሞረጃ ማሽኑን አስነሥቶ በዙሪያው ያለውን ቀጭን የብረት ጠርዝ፣ ሁለቱ ሳጥኖች የተገናኙበትን መስመር፣ ሊያጠፋ ጎንበስ አለ። አዛውንቱ ትከሻውን ነኩት። ጠርዙ በትራሱ ዙሪያ፣ እሷ በመጀመሪያው ሳምንት በእርሳስ ባሰመረችበት፣ በስፌቱ ላይ ቆሟል። ወጣቱ ማሽኑን አጠፋና ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየተከተለ ዙሪያውን ሄደ።